በሁለት ዘፈን መሐል

ሞጣ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ
ምንይችል አለ፣ የስልክ መስታወት የሚለውጥ።
ድሮ ቴፕ ነበረ የሚፈታው፣ የሚገጥመው፣
ሬዲዮ ሲያቃስት ጆሮ ሰጥቶ የሚያክመው።
ዎክማኔን ሳወጣው ለጊዜው ዝም አለና
ክዳኑን ከፈተ፣ በጥፍሩ አንኳኳና
«ላስቲኩ ቀልጧል» አለኝ፣ «ሞተሩ ግን ደህና።»

እሱ ከብስክሌት ካላማዳሪ ቀለበት ሲቆርጥ፣
እኔ በርጩማው ላይ ስቁነጠነጥ፣
እጄ ነው ያስታወሰው፤ ልቤ ረስቶ ነበር፦
ቴፑ ክር ሲበላ በእስክሪብቶ ማሽከርከር፣
የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት፣
እምቢ ካለም በመንጋጋ ነክሶ መቅጣት፣
ካለቀ ብረት ሆድ የአንድ ዘፈን ዕድሜ ፍለጋ።
ዘፋኙ እየወፈረ፣ እየተጎተተ፣
እንደ በሬ አግስቶ አዝማቹ ላይ ሞተ።

ዎክማኑ የወንድሜ ነው። ካንገቱ አውልቆ
ሰጥቶኝ ሄደ፣ መተማ፣ ለሰሊጥ፣ ማጭዱን ብብቱ ሥር አጥብቆ።
እናቴ ባወጣችው ስም እንየው ተባለ፤
ከዚያ ክረምት ወዲህ ያየውስ ማን አለ?

እጁ ለብዕር አይሆንም፤ ደብዳቤ አልጻፈም።
በሹፌር ካሴት ላከ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣
አንዱ ፊት ሙሉ ድምፁ ያለ።
እናቴ ሰማች፤ ደግማ ሰማች፣
ሳቀች፣ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠች።
እኔ አሥራ አራት ዓመቴ። ባዶ ካሴት የለኝ፣
የእሑድ የሬዲዮ ምርጫ ሊያመልጠኝ።
የካሴቱን የጎን ቀዳዳ በወረቀት ደፍኜ፣
በጎረቤታችን በጥጋቤ ቴፕ ቀይዋን ቁልፍ ተጭኜ
ስድስት ዘፈን ቀዳሁ። በወንድሜ ላይ።

ማንም አልተቆጣኝ። ለመስቀል የሚመጣን ሰው
ድምፁን አኑሮ፣ ምን ሆኖ፣ ማን ሊያስታውሰው?
ኋላ ነው ክርክሩ የመጣው። እናቴ «ስለ ጊደሯ ጠይቋል» ስትል፣
አባቴ «ስለ ዕዳው ነው እንጂ» ሲል፣
እኔ ግድግዳ ሳይ።

ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ ማስታወቂያ ሲገባ
ተጣድፌ አቆምኩ፣ ክሩን ጥቂት ወደ ፊት ገፋሁ፤
ያቺን ብቻ ስቻት፣ አራት ሰከንድ አላጠፋሁ።

«ሞክረው» አለኝ ምንይችል። ክሩ ዞረ። ነፋስ።
የማሲንቆ ጭራ። ከዚያ ጉሮሮ ሲጠረግ፣ የሰው እስትንፋስ፦
«…ዝናቡ ሲያባራ፣ እኔም እመጣ—»
ከበሮ ወደቀበት። አራተኛው ዘፈን መጣ።

እመጣ፣ ምን?
እመጣለሁ? እመጣ ነበር? እመጣ ይሆን?
የአማርኛ ግስ ነፍሱ ጭራው ላይ ነው፤ እኔ ቆርጬ ጣልኩት፣
ዛሬ ስማቸው በጠፋኝ ዘፈኖች ለወጥኩት።

ከሞጣ ቁልቁል፣ ዓባይ ላይ፣ ሰባራ ድልድይ አለ፣
ከወገቡ የጎደለ።
ድሮ ሰው በገመድ ታስሮ፣ ባዶው ላይ እየተሳበ
ይሻገር ነበር አሉ፣ ማዶ የሚጎትት እስካለ።
እኔም በዚህ ቀጭን፣ ቡናማ ገመድ እስባለሁ፤
ማዶ ማን እንደያዘው ከየት አውቃለሁ?

«ስልክህ ላይ ልቅዳልህ» አለኝ ምንይችል፣ «እዚያ አይበላሽም።»
አልመለስኩለትም።
አጠነጠንን። ደገምን። ደግመን አጠነጠንን።
በአምስተኛው ላይ ድንጋዩ መድከም ጀመረ፤
የእንየው ድምፅ ረዘመ፣ ወፈረ፣
እ — መ — ጣ —
ያ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሻከረ፣
ልጅ የዳረ፣
ሽበት የወረረው ሰው ሆኖ ተናገረ፣
ዛሬ ቢኖር በሚኖረው ድምፅ።

«አዲስ ድንጋይ ላግባበት?» አለ ምንይችል፣ እጁን ዘርግቶ።
«ቆይ» አልኩት።
«ቆይ፣ ይጨርስ።»